የአሚር በረንዳ

ይድረስ ለልጄ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰውነትሽ እንዴት ነው? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ስብሰባችሁ ሲረዝም ወገብሽን እንዳያምሽ ከጀርባሽ ትራስ አድርጊ። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ከመቆጣቱ በቀር ደህና ነኝ። ሱቁን እከፍታለሁ። ክሩም ዚፑም ዛሬም ፈላጊ አለው።

ይህን የምጽፍልሽ በራሴ እጅ ነው። ከሰፈሩ ልጆች አንዱን ጠርቼ ላስጽፍ ብዬ ነበር፤ ነገሩ ግን ለሌላ የሚነገር አልሆነም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነውና አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ብትስቂ አልቀየምም።

ረመዳን ሊገባ ሲል በቴሌቪዥን አየሁሽ። ምክር ቤት ከመግባትሽ በፊት ስለነበረው ንግድሽ ጠየቁሽ። ስለ ዱባይ ተራው ሱቅ፣ ቻይና ስለመመላለስሽ፣ የነጋዴ ሴቶቹን ማኅበር ስለመምራትሽ ተናገርሽ። ደግ። ከዚያ መነሻሽ ማን ነው ሲሉሽ፣ አባቴ ነው፣ ሻሽ የምሸጥበት ቦታ በሱቁ ደጅ ሰጥቶኝ ነው የጀመርኩት አልሽ።

በማግስቱ ሰፈሩ እንኳን ደስ አለህ አለኝ። ከሰባተኛ ሰፈር ድረስ መጥቶ የጨበጠኝ አለ። እኔም እጄን እየዘረጋሁ ተቀበልኩ። ሰው በስተርጅናው ሲመሰገን ይጣፍጣል፤ ቀመስኩት፤ አልደብቅሽም።

ኋላ የነጋዴዎቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ፉርቃን መጣ። የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው እሁድ፣ አንቺ በምትመጪበት ዝግጅት ላይ፣ መንገድ የከፈተላት አባት ብለው ጋቢ ሊያለብሱኝ ነው። አልፈልግም አልኩት። “ጋሼ ጠይብ፣ ትሕትናዎ ይገርመኛል” ብሎኝ ሄደ። እኔና ትሕትና የት እንደምንተዋወቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር። ዕድሜሽ አሥራ ሰባት ነበር። ማትሪክ ሳይመጣልሽ ቀርቶ፣ ሻሾቹን በዱቤ አምጥተሽ በሱቄ በር ላይ ሰቀልሻቸው። እኔ ከዙሁር ሰላት ስመለስ አየሁና አንድ በአንድ እያወረድኩ ጭቃው ላይ ጣልኳቸው። ሐምሌ ነበር። የጠይብ ልጅ ገበያ ላይ አትጮህም አልኩ፣ ሰው እንዲሰማ ጮክ ብዬ። አንቺ አላለቀስሽም። ጎንበስ ብለሽ ለቀምሽ። ቢጫውን ረግጬው ነበር፤ እግሬን እስካነሣ ድረስ ቁጢጥ ብለሽ ጠበቅሽኝ።

በሦስተኛው ቀን ከፊት ለፊቴ፣ በአሚር ሱቅ በረንዳ ላይ ዘርግተሽ አየሁሽ። ከአሚር ጋር የዝናብ ውሃ ወደ ደጄ ጠረግህ ብዬ ከተኳረፍን ያኔ አራት ዓመታችን ነበር። ከዚያን ቀን ወዲያ ግን ኩርፊያው ጠላትነት ሆነ። ልጄን ዓይኔ ሥር ያስቀመጣት ሊያዋርደኝ ነው ብዬ ቆረጥኩ። ንዴቴ ሁሉ እሱ ላይ ያልቅና ማታ አንቺ ቤት ስትገቢ የምናገርሽ አጣ ነበር።

በረንዳው ላይ በቆየሽበት ሰባት ዓመት አንድ ቀን ዞሬ አላየሁሽም። መጀመሪያ የሸጥሽው አረንጓዴውን ነው፣ ለአንዲት ነፍሰ ጡር። ስትከራከርሽ አልቀነስሽም፤ መንገድ ከጀመረች በኋላ ጠርተሽ ቀነስሽላት። በሁለተኛው ዓመት ሳል ይዞሽ ስምንት ቀን ቀረሽ። በዘጠነኛው ቀን የእናትሽን ሹራብ ለብሰሽ መጣሽ። በአራተኛው ዓመት ለራጉኤል ንግሥ ነጭ ነጠላ አስመጣሽ። እስላሟ ልጅ የእኛን በዓል አሰበችልን ብለው የክርስቲያኖቹ እናቶች ወደዱሽ። ኋላ አንቺን ሊመርጡ ገና ሳይነጋ የተሰለፉት እነዚያ ናቸው። ከፊታቸው የነበረው ሽማግሌ ማን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

አሚር ሲሞት አንቺ ቻይና ነበርሽ። ጀናዛው በደጃችን ሲያልፍ ሰው ሁሉ ሱቁን ዘግቶ ተከተለው። እኔም ዘጋሁ፤ ከውስጥ።

ባለፈው ሳምንት ሚስቱ ጠሂራ መጣች። የጋቢውን ወሬ ሰምታ ነው። ክር ልትገዛ መስሎኝ ምን ልስጥሽ አልኳት። “ጋሼ፣ ጋቢው እንዳይከብድዎት ብዬ ነው የመጣሁት” አለችኝ። ተቆጣሁ። እሷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠችና ነገረችኝ። ሻሾቹን ጭቃ ላይ በጣልኩበት ዕለት እናትሽ እነአሚር ቤት ሄዳለች። ውሃ እንኳ አልጠጣም ብላ በራፉ ላይ ቆማ፣ ለአሚር እንዲህ አለችው፦

“በረንዳህን ለልጄ ስጥልኝ። አንተን እንደሁ ድሮም አኩርፎሃል። ልጁን ከሚጠላ አንተን ይጥላ። ለአላህ ብለህ ቻልልኝ።”

ቻለ። እስኪሞት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቻለ። በየሰው ፊት ስሙን በክፉ ሳነሣ፣ ሰላምታውን ስነፍገው፣ አንድ ቀን ሚስትህን ጠይቅ አላለኝም። ጠሂራ እንደምትለው በመስኮቱ ያየኝና፣ ዛሬም ተቆጥቷል፣ ልጅቱ ሰላም ናት ይል ነበር።

እናትሽም ከእኔ ጋር ያን ሁሉ ዘመን አንድ ትሪ ቀርባ፣ አሚርን ስረግም እየሰማች ትጎርስ ነበር። እንጀራውን ወደ እኔ ገፋ ታደርግልኝ ነበር።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ኮልፌ መቃብሩ ሄድኩ። ጠሂራ አሳየችኝና ራቅ ብላ ቆመች። አሰላሙ ዐለይኩም አሚር አልኩት። ጉልበቴ እስኪያቅተኝ ቆምኩና ተመለስኩ።

አንቺ ይህን ታውቂው እንደሆነ አልጠይቅሽም። በቴሌቪዥኑ አባቴ ስትዪ ዓይንሽን ወደ ታች ስትጥዪ ግን አይቻለሁ። እናትሽም እኔን ከሰው ሐሜት ስታድነኝ እንዲያ ነበር የምታደርገው።

ስለዚህ በዝግጅቱ እሁድ እንዲህ አድርጊልኝ። መናገሪያውን ስትይዢ መጀመሪያ ዙህራ በዪ። የእናትሽ ስም በዚያ ገበያ ተጠርቶ አያውቅም፤ የጠይብ ሚስት ሲሏት ኖረው ቀበርናት። ከዚያ አሚር በዪ። ጋቢውን ጠሂራ ትልበስ። ሻሾቹን ጭቃ ላይ መጣሌንም ተናገሪ፤ የአባቴ ክብር ብለሽ አትዝለዪው። አንቺ ካላልሽው እኔ ተነሥቼ እላለሁ፤ የምክር ቤት አባሏን አባቷ አሳፈራት ቢባልም አልመለስም። አመሌን ታውቂዋለሽ።

ግን አንቺ ብትይው ይሻላል ልጄ። እኔ ቢጫው ሻሽ ላይ ስደርስ የምጨርሰው አይመስለኝም።

አላህ ቃልሽ የሚሰማ፣ ወንበርሽ የማያስጨንቅሽ ያድርግልሽ። ለእናትሽ ያልሰጣትን ዕድሜ ለአንቺና ለልጆችሽ ይጨምርላችሁ። ደብዳቤውን ካነበብሽ በኋላ ደውለሽ ስለዚህ ነገር እንዳታወሪኝ። ጉልበትህ እንዴት ነው ብቻ በዪኝ።

አባትሽ