አባዬ የገነባው ግድግዳ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ዛሬ የሰፈራችንን ሳሙና ፋብሪካ አሮጌ መጋዘን በዶዘር አፈረሱት። ድንጋዩን ጠርቦ ግድግዳውን ያቆመው አባዬ ነው። በዚያ ባለፍን ቁጥር ይህንኑ ሲያወራ፣ እኔ «ንፋስ ስልክን በሙሉ የገነባሃት አንተ ነሃ!» እያልኩ ስስቅበት ኖሬያለሁ።

ሰፈሩ ወጥቶ እያየ ዶዘሩ አጓራ፣ ገፋ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ። ግድግዳው ንቅንቅ አላለም። አባዬ እንደ ኳስ ደጋፊ ግድግዳውን «አይዞህ!» ይለዋል።

ከሰዓት በኋላ በመከራ ሲወድቅ ሹፌሩ ላቡን እየጠረገ ወረደና፣ «ጓዶች፣ ይህን ጉድ የገነባው ማነው?» አለ።

ወሬ የማያልቅበት አባዬ ድምፁ ጠፋ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እኔ ታዲያ ዝም እላለሁ?

«አባቴ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ንፋስ ስልክን በሙሉ የገነባው አባቴ ነው!»

አባዬ በክርኑ ጎሰም አደረገኝ። «ቀስ በይ እንጂ ልጄ! ሳሙና ፋብሪካውን እንኳ ሌሎች ናቸው የሠሩት።»