ፈጣኑ አራተኛ በር

ይድረስ ለክቡር የሆስፒታሉ ዘመናዊ አሠራር ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጤና ከእርስዎና ከቤተሰብዎ አይለይ፤ ድንገት ቢለይም እንኳ በር መርጦ የሚልክዎ ያ ማሽንዎ እንዳይሆን ጸሎቴ ነው።

እኔ በቅርቡ ሚስቱን የቀበረ ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርቴ ጥቂት ነውና ስሳሳት በትልቅነትዎ ይለፉኝ። ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ. ሕመምተኛን ለየሐኪሙ በር የሚያከፋፍለውን ፕሮግራም ስላሠሩልን እግዜር ይስጥልን። ባለሙያዎ እንዳስረዱኝ፣ ፕሮግራሙ አንዱን ልኮ መልስ እስኪመጣ ቆሞ አይጠብቅም፤ ወዲያው ሌላውን ይልካል፤ ቶሎ ለሚጨርስ በርም አብዝቶ ይሰጣል። እንዲህ ያለ ትጋት በእኛ በሰዎቹ ዘንድ ጠፍቶ ነበር።

፪ኛ. የአራተኛው በር ሐኪም ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወሩ ለፕሮግራሙ መልስ የሚልከውን የክፍሉን መሣሪያ የሚያጠፋ ሰው ባለመመደብዎማ ምን ልበልዎ! መሣሪያው ሰው በተላከለት ቁጥር ወዲያው «ተስተናግዷል» ይላልና ከበሮቹ ሁሉ ፈጣኑ እሱ ሆነ። ማሽኑም ለባዶው ክፍል ሰው ጨመረለት፤ አሁንም ጨመረለት። ሐኪም ያለባቸው በሮች፣ ሲያክሙ ስለሚዘገዩ፣ ከሰነፍ ተቆጠሩ።

ባለቤቴ ደረቷን ይዛ ገና ከመቀመጧ ስሟ ተጠራ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ «ተመስገን፣ ደረስክልን» አልኩ። እሷ በሩን አይታ «አንተ፣ እዚህ ቤት ሰው ያለ አይመስለኝም» አለችኝ። «ዝም በይ፣ ማሽን አይሳሳትም» አልኳት። ገብታ ከባዶው የሐኪም ወንበር ፊት ተቀመጠች፤ ሐኪም ስንጠብቅ እዚያው አረፈች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ያን ተመስገኔን ፈጣሪ ምን እንዳደረገው እስከ ዛሬ እጠይቀዋለሁ።

፫ኛ. አቤት ብዬ ስመጣ ባለሙያዎ በትሕትና «አባባ፣ ኮዱ የተነደፈው ለማንኛውም ሥራ እንዲሆን ነው፤ የሚያከፋፍለው ሰው ይሁን ጆንያ አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም» አሉኝ። እርስዎም ይህ ደስ ቢልዎ ነው መሰለኝ፣ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ የአምቡላንስ ጥሪንም ለዚሁ ማሽን ሰጡት። ልጄ የመውለጃዋ ወር ገብቷል። የምትደውለው ወደዚያው ነው። መኪናው ተበላሽቶ ቆሞ ስልኩ ብቻ «ተስተናግዷል» የሚል አንድ ጣቢያ ካለ፣ በከተማው ፈጣኑ ጣቢያ እሱ ይሆናል።

ልመናዬ ትንሽ ናት፤ ከሰኞ በፊት አንድ ሰው በየበሩ እየዞረ እንዲያንኳኳ ይዘዙልኝ። ከውስጥ «ማነው?» የሚል ድምፅ ይስማ። ሌላ አልጠይቅም።

የክቡርነትዎን ዕድሜ ፈጣሪ ያርዝመው፤ ተራዎንም ያዘግየው።

እጅ ነሺዎ፣
በፍጥነት የተስተናገደችው ሴት ባል

በተረፈ፦ ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ የላክሁልዎ በአዲሱ የአቤቱታ መቀበያ በኩል ነበር። ጣቴን ገና ሳላነሳ «ተስተናግዷል» የሚል መልስ መጣልኝ። ቢሮዎ ውስጥ ሰው ይኖር እንደሁ ብዬ በጋዜጣ አወጣሁት።