ደጋ ላይ ብርድ ስለሚነፋው ማሞቂያና በግምገማ ስለ ታከመበት ጥበብ

ነሐሴ ፲፬ ቀን ፳፻፩ ዓ.ም.
ሐዋሳ

ለክቡር የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ሙቀት ከጉልበትዎ፣ ወዝ ከፊትዎ እንዳይለይ፣ የቢሮዎ ማራገቢያም ያለ ዕረፍት እንዲዞርልዎ እመኛለሁ። እኔ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ ከወገቤ በላይ ደኅና ነኝ፤ ከወገቤ በታች ያለው ክፍሌ ግን ካለፈው ማክሰኞ የሀገረ ሰላም ጉዞ ገና አልተመለሰም።

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍሁት ከድፍረት ሳይሆን ከትምህርቴ የተነሣ ነው። ቅኔ ቤት ሳለሁ የኔታ፣ በአደባባይ የተነቀፈ ሰው በጓዳ አይካስም ይሉን ነበር፤ ሾፌራችን አቶ ሽፈራው ደግሞ የተነቀፉት በአዳራሽ፣ በመላው ሠራተኛ ፊት ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በዚያው ሠራተኛ ፊት፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የመስክ መኪናችን ማሞቂያ በክረምት፣ ደጋ ላይ፣ ቀዝቃዛ አየር እንዲነፋ ስላበቁልን እናመሰግናለን። ምንጮችን ለመመርመርና ከየመንደሩ ውል ለማስፈረም በወር ሁለት ጊዜ ወደ ሀገረ ሰላም የምንወጣ ሠራተኞች፣ ማሞቂያው ሲከፈት መስኮቱን ዝቅ አድርገን በውጭው አየር መሞቅን ተምረናል። የውኃ ጥራት ባለሙያችን ወይዘሮ ሸዋዬ በሁለት ጋቢ ተጠቅልለው «መሪጌታ፣ ይኼ ማሞቂያ ነው ወይስ የሬሳ ማቆያ?» ብለው ቢጠይቁኝ፣ ጾመ ፍልሰታ ላይ ነበርሁና ክፉ ቃል እንዳያመልጠኝ ውዳሴ ማርያም መድገም ጀመርሁ። ጾሜን በጸሎት ስላከበሩልኝም ተጨማሪ ምስጋና ይድረስዎ።

፪. ብልሽቱን የሚያጠና ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ማቋቋምዎ የሚደነቅ ነው። ኮሚቴው ሦስት ቀን ሙሉ ሲሰበሰብ የመኪናውን ኮፈን አንድ ጊዜ እንኳ አለመክፈቱ ለንጽሕናው ምስክር ነው፤ ከአባላቱ የአንዱም እጅ ግራሶ አልነካውምና። በሦስተኛው ቀን ችግሩ የሾፌሩ አመለካከት መሆኑን ደረሰበት። አቶ ሽፈራው በግምገማው መድረክ ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ሲታዘዙ «እኔስ ሂሴን እውጣለሁ፤ ሞተሩ ግን አባል ስላልሆነ አይሰማችሁም» በማለታቸው አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ በዚህም ጥፋታቸው እጥፍ ሆነ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ሰው ሳያቆስሉ የነዱ ሰው ከመሪው ተነሥተው ቱላ ባለው መጋዘናችን በር ዘበኛ ሆነው ተቀምጠዋል፤ የፊታችን ሰኞ ደግሞ ከሥራ ሊሰናበቱ ነው። አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ብለው ሲተርቱ የእኛን ጽሕፈት ቤት ከየት እንዳዩት ሳስብ እደነቃለሁ።

፫. በስተርጅና መካኒክነትን እንድማር ምክንያት ስለ ሆኑኝ አመሰግናለሁ። መኪናው ለሰርቪስ እዚሁ ሐዋሳ ወደ አዲስ ከተማ ሰፈር ሲላክ ተከትዬው ሄድሁ። ባለ ጋራዡ ጠሀ ስብሰባ ሳይጠራ ኮፈኑን ከፈተ። ራዲያተሩን ቢያይ ውኃው ሙሉ ነው። ወደ ማሞቂያው የሚገባውንና ከማሞቂያው የሚወጣውን ቱቦ በእጁ ዳሰሰ፤ መንገዱ ተደፍኖ ቢሆን አንዱ ግሎ ሌላው ይቀዘቅዝ ነበር፣ ነገር ግን ሁለቱም እኩል ለብ ብለዋል። ሞተሩን አስነሥቶ ግማሽ ሰዓት ቢጠብቅ የሙቀት መለኪያው ቀስት እንደ ሰነፍ ተማሪ ከወለሉ ፈቀቅ ሊል አልቻለም። በመጨረሻ የቴርሞስታቱን ቤት ፈታ፤ ቤቱ ባዶ ነው። ቴርሞስታት ማለት፣ እርሱ እንዳስረዳኝ፣ የሞተሩ ውኃ እስኪሞቅ ድረስ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን በር ዘግታ የምትጠብቅ፣ ሲሞቅም የምትከፍት፣ በመዳፍ የምትያዝ የነሐስ ዕቃ ናት። ጠሀ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «አባባ፣ ዘበኛውን አባርራችሁ ቤቱ በረደን ትላላችሁ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ለሰባቱ የኮሚቴ አባላት ስል እኔ አፈርሁ።

፬. ዘበኛውን ማን እንዳባረረው ለማወቅ ወደ መዝገብ ቤቴ ተመለስሁ፤ ወረቀት እንደ ሰው ግምገማ አይፈራምና። መጋቢት ፲፪ ቀን፣ ወደ ዝዋይ ሲጓዙ ሞተሩ አንድ ጊዜ ቢግልብዎ፣ «ሐዋሳ ሞቃት ከተማ ስለ ሆነች ቴርሞስታቱ ወጥቶ ይጣል» የሚል ትእዛዝ በክቡር ፊርማዎ ወጥቷል። ከሥሩ የአቶ ሽፈራው ማመልከቻ ተያይዟል፦ «ሞተሩ የሚግለው ራዲያተሩ ስላልጸዳ ነው፤ ቴርሞስታቱ ከወጣ ደጋ ላይ ማሞቂያው አይሠራም»። በኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ በማይሳት እጅ ጽሑፍዎ፣ «ታይቷል። በትእዛዙ መሠረት ይፈጸም» የሚል ሰፍሯል። አቶ ሽፈራውም ታዘዙ፤ ሆኖም የመንግሥት ንብረት አይጣልም ብለው ዕቃዋን ለቢሮዎ በፊርማ አስረክበዋል። ደረሰኙ እኔ ዘንድ አለ።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ሰኞ ኮሚቴው ሲቀመጥ እነዚህ ሁለት ወረቀቶች፣ ትእዛዙና ማመልከቻው፣ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሠራተኛ ፊት፣ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበቡ፤ አቶ ሽፈራውም ስማቸው በተወሰደበት ቦታ ስማቸውንና መሪያቸውን ይቀበሉ። ክቡርነትዎም ግለ ሂስ ለማድረግ ቢፈቅዱ፣ አንድም ሰው እንደማይስቅ በመላው ሠራተኛ ስም ቃል እገባለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና አልታጠፍ ካሉ ሁለት ጉልበቶች ጋር፣ ትእዛዝዎን ከነቀኑና ከነቁጥሩ ጠብቄ የማኖር፣

መሪጌታ ገብረጻድቅ
የመዝገብ ቤት ሹም

ግልባጭ፦
ለአቶ ሽፈራው፣ ቱላ፣ መጋዘኑ በር ላይ
ለጠሀ ጋራዥ፣ አዲስ ከተማ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ወረቀት ላስፈርም ወደ ቢሮዎ ስገባ፣ የአቶ ሽፈራውን የስንብት ደብዳቤ ማራገቢያው እንዳይወስደው የጫኑበትን የነሐስ ዕቃ አየሁት። ጠሀ መልኳን በወረቀት ስሎልኝ ስለ ነበር አልተሳሳትሁም። ክቡር ሆይ፣ እርስዋን ብቻ አንሥተው ለጠሀ ይላኩለት፤ ደብዳቤውን ለማራገቢያው ይተዉለት።