ጥርስ ያወጣው እብነ በረድ

ይድረስ ለወንድሜ ለመንግሥቴ፣
ባለህበት በጅዳ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ አንተ ሁልጊዜ የምታስቀድመውን ላስቀድምልህና፣ ድንጋይህ ደኅና ነው። አላሳለውም፣ አልራበውም፤ አንድ ቀን እንኳ «አሞኛል» ብሎ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ከድንጋዩ ቀጥለን ያለነው እኛም፣ ዘንድሮ ዝናቡ ገና ሳንጠግበው አኩርፎን ከመሄዱ በቀር፣ መድኃኔ ዓለም ይመስገን በሕይወት አለን። አንተስ እንደምን ነህ? ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል? አሠሪዎችህስ? ያ የሚያምህ ወገብህ ተሻለህ ወይ? ይህን የምጠይቅህ ቂሜን ትቼ አይደለም፤ ቂም የያዘች እህትም እህት ስለሆነች ነው።

ካሴትህ ደርሶናል። በሰፈሩ ቴፕ ያለው አስማረ ስለሆነ እሱ ቤት ተሰበሰብን። እማ የልጇን ድምፅ ልትሰማ የቅዳሴ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከትልቅ ሰው ፊት እንደሚቀመጡት ሆና ከቴፑ ፊት ተቀመጠች። አንተም ጉሮሮህን ጠራርገህ «እንደምን አላችሁ» አልህ፤ እማ «እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ» ብላ ለቴፑ እጅ ነሣች። ሁለተኛው ቃልህ ድንጋይ ሆነ። ሦስተኛውም ድንጋይ። ካሴቱን ገለበጥነው፤ በዚያኛውም ጎን ድንጋይ። አፉ የማያርፈው አስማረ «ኧረ ይኸ ልጅ ምን ነካው፤ ድንጋዩን ነው እንዴ ያገባው?» ብሎ ቤቱን አሳቀው። ሳቁ ሳያልቅ ያ ቃልህ መጣ፦ «ከእንግዲህ እማን ወጥ ቤት አታስገቧት።»

እማ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ወደ ሠራህላት ቤት አልተመለሰችም፤ ከጓሮ ወዳለው አሮጌ ጎጆ ገባች። ሲከፋት አማርኛውን ጥላ በኽምጥኛ ብቻ እንደምትናገር ታውቃለህ። ከዚያን ቀን ወዲህ አንዲት የአማርኛ ቃል ከአፏ አልወጣችም።

አስማረ ቴሌ ድረስ ሄዶ በስልክ ሐሜቱን ነግሮሃልና፣ አሁን ደግሞ እውነቱን ከእኔ ስማ። ያ ያዘዝኸው እብነ በረድ መቀሌ ተቆርጦ፣ በኮረም በኩል በአይሱዙ የመጣ ዕለት፣ ጎረምሶች ተሸክመው ሲያስገቡት ለማየት ያልወጣ ሰው አልነበረም፤ የቀረው ቄሱ ጥላ ይዘው መውጣታቸው ብቻ ነው። ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ጋር እስከ ወገብ የሚደርስ መደብ ሆኖ ተገጠመ። ከኋላው ሕግህ መጣ። ሎሚ አታስነኩት፣ ይበላዋል። አመድና አሸዋ አታስነኩት፣ ይጭረዋል። ትኩስ ድስት አታሳርፉበት፣ በርበሬ አታቆዩበት። ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አጥባችሁ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አድርቁት። እኛ ለብ ባለ ውሃ የታጠብነው አራስ ቤት ሳለን ነው፤ ቢሆንም እሺ አልን። ይባስ ብለህ፣ ዘይት የፈሰሰበት እንደሆነ ዱቄት በውሃ ለውሳችሁ ለጥፉበት፣ አድሮ ይመጥለታል አልህ። መንግሥቴ! የሰቆጣ ዙሪያ ገበሬ ለእርዳታ ስንዴ በተሰለፈበት ዓመት ለድንጋይ ሊጥ አጉርሱ ትላለህ? እኔም ሞኟ፣ ጎረቤት እንዳያየኝ በሬን ዘግቼ አጎረስሁት።

ጢስ እንዳያጠቁረው ተብሎ ምድጃው ወደ ውጭ ወጣ። ዝናቡ ለእርሻው ባይበቃም እማን ለማበስበስ አላነሰም፤ ክረምቱን በጣራው ጠብታ ሥር ጆንያ ተከናንባ ወጥ ስትሠራ፣ ድንጋይህ የእሷን ጋቢ ለብሶ ከውስጥ ተኝቶ ነበር። ሳሉ የያዛት ያኔ ነው። ስለ ሳሏ በካሴትህ የጠየቅኸው ነገር የለም።

አንድ ቅዳሜ እኔ ገበያ ስወርድ፣ እማ ጋቢውን ገልጣ ድንጋዩን በመዳፏ ዳሰሰችው። የሰፈሩን ወፍጮ ሁሉ የምትወቅረው እሷ መሆኗን ረሳኸው? የእሷ መዳፍ የሚያውቀው ሕግ አንድ ነው፤ ድንጋይ ከለሰለሰ አልቋል፣ እህሉን ያንሸራትተዋል እንጂ አይፈጨውም፤ ስለዚህ በመውቀሪያ እየተመታ ይታደሳል። የአንተ ደግሞ እንደ መስታወት ለስልሶ አገኘችው። አዘነችልህ! ልጄ በሰው አገር ለፍቶ ያለቀ ድንጋይ ሸጡለት ብላ መውቀሪያዋን አነሣች። ስመለስ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ከደጅ ተቀበለኝ። ስገባ ጥጉ የሰፌድ ያህል ተወቅሮ፣ እማ ፊቷ ነጭ ትቢያ ለብሶ ትስቃለች። «ነይ ዳስሺው፤ ጥርስ አወጣሁለት። ለእሱ ግን እንዳትነግሪው፣ መታለሉን ካወቀ ያፍራል» አለችኝ። ገመናህን መሸፈኗ ነበር እኮ!

አንተ ግን አስማረ በስልክ «ድንጋይህን ወቀረችው» ቢልህ «አታስገቧት» አልህ። ከማን ቤት? «ለእናቴ ቤት ሠራሁ» ብለህ አገር አስወርተህ የለም ወይ? የሠራኸው ለድንጋዩ ከሆነ ንገረንና ጎጆ ቀልሰን እንውጣለት። በዚያ ሻካራ እጇ ልጅነትህን ሙሉ ስታጥብህ አንተ አልተጫርህም፤ ድንጋይ ከአንተ ገላ ለሰለሰ?

የጎረቤታችን ልጅ ትእዛዙ ፈቃዱን ጨርሶ ወደ ጅዳ ሊመለስ መሆኑን እማ ሰማች። ትናንት ጠዋት ከጎጆዋ ወጣች። እኔን ሳታናግር ወጥ ቤት ገባች፤ ጋቢዋን ከድንጋይህ ላይ ገፍፋ ራሷ ደረበችው፤ መጁን በሁለት እጇ ይዛ በወቀረችው ጥግ ላይ በርበሬ መፍጨት ጀመረች። ዕድሜዋን ጎንበስ ብላ የፈጨች ሴት፣ ቀጥ ብላ ቆማ! ወገቧን አልያዘች፣ አላቃሰተች። ለዚህስ እግዜር ይስጥህ፤ ሳታውቀው አንድ ደግ ነገር ሠርተሃል። እኔም ምድጃውን ወደ ውስጥ መለስሁት። ድንጋይህ እስከ ወዲያኛው ጫፍ ድረስ ቀልቷል፤ አልጠረግሁትም፣ አልጠርገውምም።

አሁን የምነግርህን አድርግ። ሌላ ካሴት ቅዳ፣ ለእማ ብቻ። በአንዱም ጎኑ ድንጋይ የሚል ቃል እንዳይሰማ። ይቅርታህን በኽምጥኛ ተናገር፤ ረስቼዋለሁ ብትል የሚያምንህ የለም፣ አፍህን የፈታኸው በእሱ ነው።

ባለቤቴ ተስፋው እጅግ አድርጎ ሰላም ይልሃል፤ በዚህ ነገር አታስገቡኝ ብሏል። ልጄ ሶስና ጉልበትህን ትስማለች፤ አጎቴ ሲመጣ ድንጋዩ ላይ መቀመጥ ይፈቀዳል ወይ ትላለች። አስማረም ሰላም ይልሃል፤ ሙሽራህ ጥርስ ማውጣቷን እንኳን ደስ ያለህ በይልኝ ብሏል።

እማ ሰላም በይልኝ አላለችም። ምን ብዬ ልጻፍልሽ ብላት፣ በርበሬውን በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝና በኽምጥኛ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ «ለእሱስ ማን ይፈጭለታል?» ቋጠሮውን ትእዛዙ ይዞልሃል፤ ስትቀምሰው አንተው ራስህ መልስላት።

እህትህ ዝናሽ

ሰቆጣ፣ ኅዳር 12 ቀን 1995 ዓ.ም.