በቅሎ የተሳለበት ጠርሙስ ለምን ተመለሰ?

ይድረስ ለክቡር አቶ ኃይለልዑል፣
የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀመንበርና የጋብቻ ጉዳይ የበላይ ሽማግሌ፣
አርችዌይ፣ ለንደን

እጅግ የተከበሩ ሊቀመንበራችን፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ፣ የደም ግፊትዎ፣ በተለይም ማኅበሩ በሙሉ የሚመካበት ምላስዎ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። ያስታውሱኝ እንደሆነ፣ ባለፈው መስከረም ለመርዕድ ሽምግልና ቤትዎ ከመጣነው ሦስት ሰዎች መካከል ጠርሙሱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማኅበሩ አዳራሽ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ ከእርስዎ የቀሰምኩት ትምህርት ለእኔ ብቻ እንዳይቀር ብዬ ነው።

ነገሩን ላልሰሙ አባላት ባጭሩ ላስረዳ። የአውቶቡስ ሹፌሩ መርዕድ የእትዬ ብፅዓት አንድ ልጅ ነው፤ የጠየቀውም የእርስዎን ልጅ ሎዛን ነበር። እርስዎ ራስዎ በጻፉት ደንብ ሽማግሌዎች ጠርሙስ ይዘው ይሄዳሉ፤ ጠርሙሱ ተከፍቶ የልጅቷ አባት ከቀመሰ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው፣ ሳይከፈት ከመለሰው ግን አልተሰጠችም። አሜሪካ፣ ኬንታኪ ያሉትን ወንድምዎን ጠይቀው ከተመለሱ ወዲህ ደግሞ ጠርሙሱ ቡርቦን፣ ማለትም ከበቆሎ የሚወጣው የአሜሪካ ውስኪ እንዲሆን ተወስኗል። ስለዚህ የማመሰግንዎትን ጉዳዮች በቁጥር ላስቀምጥ።

፩ኛ፦ ሳይከፍቱ ስለቀመሱልን አመሰግናለሁ። ጠርሙሳችንን ወደ መብራቱ አንስተው መለያው ላይ የተሳለችውን በቅሎ ካዩ በኋላ በሁለት ጣት ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ክብር ያለው ቤተሰብ የሚያመጣው አንገቱ በቀይ ሰም የታሸገውን እንደሆነ፣ ያኛው ማር ማር እንደሚል፣ ይኸኛው ግን የመጋዝ ብናኝ እንደሆነ አስረዱን። አባቶቻችን ሙሽራ የሚያመጡት በበቅሎ ስለነበር እኛ ሞኞቹ ያኮራናል ብለን ነበር።

፪ኛ፦ እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት ፓርክ ሮያል አካባቢ በሚገኝ የመጠጥ አስመጪ መጋዘን ውስጥ ነው። በቅሎዋም ቀይ ሰሙም የሚመጡት በአንድ ኮንቴይነር፣ በአንድ ወረቀት፣ ከአንድ ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው ኢንዲያና የሚባለው ግዛት ውስጥ ነው፤ ላዘዘው ሁሉ ይጠምቅለታል፣ ያዘዘውም የራሱን ስምና ሥዕል ይለጥፍበታል። እህሉ አንድ ነው፣ በርሜሉም አንድ ዓይነት ነው፣ ዕድሜውም እኩል ስድስት ዓመት ነው። ልዩነት ቢባል በቅሎዋ ጥቂት ውኃ ተጨምሮባታል፣ ያኛው ደግሞ ሰም ተቀብቷል። ከቤትዎ በተመለስን ሰሞን ሁለቱን አንድ ላይ ለመቅመስ ሃክኒ ያለ አንድ ወዳጄ ከቤቱ የቀረችውን ቀይ ሰም አዋሰኝ፤ ጎደሎ ስለነበረች ለእርስዎ ለማቅረብ አትበቃም። ባለቤቴ ርግኣት የቱ የትኛው እንደሆነ እንዳናይ ፊታችንን አዙራ በሻይ ብርጭቆ ቀዳችልን። አብሮኝ የሸመገለው ሐብታሙ ሁለት ጊዜ በቅሎዋን አንስቶ ቀይ ሰም ነው አለ። እኔም ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት የመጋዘን ልምዴ ጋር መለየት አልቻልኩም፤ በመስታወት በኩል የሚለዩት እርስዎ ብቻ ነዎት።

፫ኛ፦ ስለ ቀጠሮዎ። ያልተከፈተ ቀይ ሰም ከለንደን ሱቆች ጠፍቶ ስለነበር እስኪመጣ ለኅዳር ቀጠሩን። ኅዳር ሲደርስ ጾም ገባ ብለው ለገና ማግስት አሻገሩት። እትዬ ብፅዓት በጠና መታመማቸውን፣ ሐኪሞቹም ሕክምናውን ማቆማቸውን በስልክ ስነግርዎ፣ ሕመሙ በእግዚአብሔር እጅ፣ ሥርዓቱ ግን በእርስዎ እጅ መሆኑን በለሰለሰ ድምፅ አስታወሱኝ። ለዚህ ግልጽነትዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

እትዬ ብፅዓት የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጄን ሰጥቻለሁ የሚለውን ቃል ከአፍዎ ሰምተው ሁለቱን ልጆች መመረቅ። ሎዛ ከሥራ ስትወጣ በየቀኑ ሆስፒታል እየሄደች እግራቸውን ታሽላቸው ነበር። አንድ ቀን እኔው ራሴ፣ ይመርቋቸው እንጂ ምን ይጠብቃሉ ብላቸው፣ አባቷ ያልሰጠኝን ልጅ እንዴት አድርጌ እመርቃለሁ አሉኝ። ደንብዎን ከእርስዎ በላይ ያከበሩ ሴት ነበሩ። በታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት ሳይመርቁ ዐረፉ።

፬ኛ፦ ይህኛው አቤቱታ በራሴ ላይ ነው። ጠርሙሱን ሲገፉ እውነቱን አውቅ ነበር። ለሽምግልና የሄደ ሰው ከልጅቷ አባት ጋር አይከራከርም ብዬ፣ ይሉኝታ ይዞኝ፣ አንገቴን ደፍቼ ጠርሙሱን ተሸክሜ ወጣሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ኖሮ ምናልባት እኚያ ሴት መርቀው ይሞቱ ነበር። አፍሬአለሁ፤ ሌሊት ሌሊትም እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ቤቱ ሐዘን ስለገባ የልጆቹ ነገር ለዓመት ይቆይ ብለው መላክዎን ሰምቻለሁ። ለሟች ስላሳዩት አክብሮት በልጃቸው ስም አመሰግናለሁ፤ በሕይወት ሳሉ ቢደርሳቸው ደግሞ ይበልጥ ደስ ይላቸው ነበር።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ዓይንዎን የጠርሙስ መለያ እንደሚያነብ ሁሉ ሰውንም የሚያነብ ያድርግልዎ እያልኩ፣ ከወንበርዎ በታች ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ጠርሙስ ተሸክሞ የተመለሰው ታዛዥዎ፣
ክፍሎም ጸሃየ

የረሳሁት፦ በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ሲደርሱ ይዘውልን የመጡት ቡርቦን በቅሎ የተሳለበት ነበር። ለሐዘን ቤት ይበቃል ብለው ይሆናል። ለቅሶ ቤት የመጣ ስለማይመለስ ተቀበልንዎት፤ ሎዛም ፊትዎ ከፍታ ቀዳችልዎ፣ እርስዎም ጠጥተው አስደገሙ። በራስዎ ደንብ መሠረት ልጅቷ ያን ዕለት ተሰጥታለች። ሦስታችንም ሽማግሌዎች በዓይናችን አይተናል፤ ያላዩት እትዬ ብፅዓት ብቻ ናቸው።