የገብስማዋ ልጆች ጣናን ሲሻገሩ

ይድረስ ለተወደዱት እናቴ ለወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ፤
ቆላ ድባ።

እናቴ ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎንስ እንዴት አድርጎዎታል? ጉልበትዎ ዘንድሮ ገበያ አመላለሰዎት ወይስ እንደ አምናው አስቸገረዎት? አባባስ እንዴት ናቸው? ከብቱ፣ ማሳው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደኅና ነው ወይ? እኔና ባለቤቴ ሣህሉ ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሣህሉን ፋብሪካው አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ማታ ያሠራዋል፤ እኔም ወባዋ ከለቀቀችኝ ወዲህ በልቼ አልጠግብ ብያለሁ። ከሰላምታ በፊት ወሬ ማስቀደም ነውር ነው ብዬ እንጂ፣ እጄስ ወደ ዋናው ነገር ለመሮጥ አላስቆም ብሎኛል። ፊደሉ ቢንጋደድ ወንድሜ ቢያዝን እንዳይስቅብኝ፤ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቴን ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ፣ ከእንግዲህ ጸሐፊ መለመን ቀርቷል።

በጥቅምት ባስጻፉልኝ ደብዳቤ «ፈንግል ገብቶ ዶሮውን ሁሉ ፈጀው፤ ከእናቴ የወረስሁት ዘር ከቤቴ ወጣ፤ አባትሽም የሚቀሰቅሳቸው አጥተው ቅዳሴው እየረፈደባቸው ነው» ብለውኝ ነበር። ያን ዕለት አለቀስሁ። ኋላ ግን ዞር ብዬ ጓሮውን ሳይ፣ ገብስማዋ ምንም እንዳልተፈጠረ መሬቱን ትጭራለች። ሲድሩኝ የሰጡኝ፣ በመርከብ ከጭኔ ሳላወርድ ይዣት የመጣሁት ያችው ገብስማ ናት። ከእርስዎ ዘር በዓለም ላይ የቀረችው እሷ ብቻ መሆኗን ያኔ አሰብሁ። አስፈልፍዬ ዘርዎን ወደ ቤትዎ ልመልስ፣ እስከዚያም ትንፍሽ ላልል ለራሴ ማልሁ። ይህን ያህል ወር ስለ ዶሮዋ ሲጠይቁኝ «ደኅና ናት» ብቻ እያልሁ ያለፍሁት ለዚህ ነው።

ችግሩ ማደሪያ ነበር። እኛ ዘንድ ዶሮ ማታ ከሰው ጋር ቤት ገብታ ቆጧ ላይ ትሰፍራለች፤ አውሬ ቢመጣ ሰው አለ። እዚህ ግን የቀበሌ ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ አልጋውና ሣጥኑ ከገቡ በኋላ ለዶሮ ቀርቶ ለእንግዳም አይተርፍም። ብቻዋን ሳለች በቅርጫት ደፍቼ ከአልጋው ሥር አሳድራት ነበር፤ ከነጫጩቷ ግን የማይሆን ነገር ነው። ጓሮ ቤት ልሥራላት ብዬ እንጨት ብጠይቅ ዋጋው አይቀመስም። ከሐይቁ ዳር ከደንገል ቄጠማ የተሠራች አንዲት አሮጌ ታንኳ ተጥላ አየሁ። ደንገል ጥቂት ወር ከሠራ በኋላ ውሃ ይጠጣና ይከብዳል፤ ዓሣ አጥማጆቹም ትተውት ሌላ ይሠራሉ። ባለቤቷን አስፈቅደን ከሣህሉ ጋር እየጎተትን አመጣናት። ፀሐይ ላይ አድርቀን፣ ከሁለት ቆርጠን፣ አንዱን ለወለል አንዱን ለክዳን አድርገን በአራት ባላ ላይ ሰቀልናት። ነፊሳ የምትባል ጎረቤት አለችኝ፣ የእህል ነጋዴው የሙሀመድአወል ሚስት፤ አጥር ብቻ ነው የሚለየን። እሷ ይህን አይታ «የየሺአረግ ዶሮዎች ጣናን ሊሻገሩ ነው» እያለች መንደሩን ሁሉ አሳቀችብኝ።

ጫጩቶቹ በኅዳር ተፈለፈሉ። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገርዎት፤ ሥራ ፈትቼ እነሱን ስቆጥር እውል ነበር። እህሉ ለሰው ይቅር ብዬ፣ ዓሣ አራጆች የሚጥሉትን የዓሣ ሆድ ዕቃ እያመጣሁ አበላቸው ነበር፤ ሲሻሙበት ቢያዩ ጉድ ይሉ ነበር። ከዚያ አንዱ ጠፋ። ሰንበት ብሎ ሌላው። ደም የለ፣ ላባ የለ። ሣህሉ «ሸለምጥማጥ ነው፣ ሌላ ማን ይሆናል» አለና ዙሪያውን እሾህ ከመረበት፤ ማታ ማታም በሩን በጠፍር ጠፍሮ ይተኛል። መጉደላቸው ግን አልቆመም። እኔ ደግሞ በነፊሳ ድመት ላይ ተነሣሁ። ቀን ቀን አጥሩ ላይ ተጋድማ ጫጩቶቼን ስታይ ትውላለችና አላስችል ብሎኝ፣ ነፊሳ እየሰማች «ድመት መንኵሳ አመሏን አትረሳ» አልሁ። ነገሩ ገባትና ሰላምታ ነሣችኝ። አንድ አጥር ተካፍሎ እንደምን አደርሽ ሳይባባሉ መኖር እንዴት እንደሚከብድ እርስዎ ያውቁታል።

አንድ ቀን ወባ ጣለችኝ። ሰፈሩ ለቀበሌ ስብሰባ ሲሄድ እኔ አስፈቅጄ ቀረሁና ደጃፌ ላይ በጋቢ ተጠቅልዬ ተኛሁ። ቀትር ላይ ገብስማዋ ጮኸች። ቀና ስል ከውሃ መውረጃው ቦይ አንድ አርጃኖ፣ ያ የውሃ ዳር ትልቅ እንሽላሊት፣ ወጥቶ ምላሱን እያወጣ ይመጣል፤ ወባዋ አስረዝማብኝ ካልሆነ ከነጅራቱ ሣህሉን ያህላል። የሣህሉን እሾህ ከምንም ሳይቆጥር አለፈውና ባላውን በጥፍሩ እየቧጠጠ ወጣ። እኛ ሌት በር ስንጠፍር ሌባው ለካ በጠራራ ፀሐይ፣ በተከፈተ በር ነበር የሚገባው። እናቴ ሆይ፣ ትኩሳቱ የት እንደገባ አላውቅም፤ ዘነዘናዬን ይዤ ብድግ አልሁ። ገብስማዋ ግን ቀድማኝ ፊቱ ላይ ወጥታ ዓይኑን ዓይኑን ትለዋለች። እሷ በመንቆሯ፣ እኔ በዘነዘና ስንለው ወርዶ ወደ ቦዩ ገባ። ጫጩት አልወሰደም፤ የገብስማዋን ጭራ ግን ነጭቶ ሄደ።

ጩኸቴን ሰምታ መጀመሪያ የደረሰችው ማን ትመስልዎታለች? ከስብሰባው ስትመለስ የነበረችው ነፊሳ። ኩርፊያዋን ረስታ ገባችና የሆነውን ስነግራት ወደ ታንኳዋ ጠጋ ብላ አሸተተች። «አንቺ ሴት፣ በዓሣ ታንኳ አስተኝተሽ፣ የዓሣ አንጀት አብልተሽ፣ ለአርጃኖ እኮ ገበታ ዘርግተሽ ነው የጠራሽው። ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ዶሮ አጠገብ አያደርስም» አለችኝ። ደንገሉ ወራት ሙሉ የዓሣ ውሃ ሲጠጣ የኖረ ነው፤ እኔ የጤፍና የሽንብራ አገር ልጅ ከየት ልወቀው። በጣም አፈርሁ። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ «ድመቷንም ጠይቂያት» ብትለኝ ድመቷንም ጠየቅሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንደ እኅት ነን።

ታንኳዋን አፍርሰን አቃጠልናት፤ የዓሣውንም መኖ ተውሁት። ሙሀመድአወል ከመጋዘኑ ባዶ የዘይት ቆርቆሮዎች ሰጠንና ሣህሉ ቀድዶ፣ ዘርግቶ፣ በአራቱም ባላ ላይ ጠቀለላቸው፤ ጥፍር የሚይዝበት የለም፣ ያንሸራትታል። ግድግዳውም ወለሉም ቀርቀሃ ነው፤ ኩሱ ወደ ታች ያልፍና ለበርበሬዬ ማዳበሪያ ይሆናል። ለመዋያቸው ከፊቱ አጠርንና ጭልፊት እንዳይወርድባቸው ከላይ አሮጌ የዓሣ መረብ ዘረጋንበት። መረቡን ደጋግሜ በአመድ ውሃ ዘፍዝፌ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ ነፊሳ አሽትታ ሳትፈቅድም አልሰቀልነው። አርጃኖው ተመልሶ መጥቶ ነበር። ቆርቆሮው ላይ ትንሽ ወጣ ብሎ ተንሸራቶ በጀርባው ሲወድቅ ሰፈሩ ሁሉ አየው፤ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ አንድም አልጎደለብኝ።

የቀረው አውሬ ሣህሉ ነበር። ፋሲካ ሲቃረብ አውራውን ወሰራ እያየ «የዚህስ አንገቱ ወፍሯል» ማለት ጀመረ። ጾሙ ሰውየውን አድክሞታል፣ አልፈርድበትም። ያኔ የሆዴን አወጣሁለት፤ እነዚህ የእናቴ ናቸው፣ ዘሩ ሊመለስ ነው አልሁት። በማግሥቱ የሌሊት ሥራውን ጨርሶ፣ እንቅልፉን ሳይተኛ፣ መሸንቲ ገበያ ሄዶ ሌላ ዶሮ ገዝቶ መጣ። እንዲህ ላለ ሰው ስለዳሩኝ ዕድሜ ይስጥልኝ።

እንግዲህ ይህን ደብዳቤ ያመጣልዎት ሙሀመድአወል ራሱ ነው፤ እህል ሊገዛ በመርከብ እዚያው ወደ ቆላ ድባ ይመጣል። አንድ ቅርጫትም ይዟል። ምስጢሩን እስከ መጨረሻው ልደብቅ አስቤ ነበር፤ ግን ቅርጫቱ አፍ አለውና እስካሁን ሳያወጣው አልቀረም። ቢያዝን፣ እዚህ ላይ ማንበብህን አቁምና ክፈትላቸው።

ሁለቱ ቄቦች ናቸው። አንዷ ቁርጥ ገብስማዋን ናት፤ ሲያዩዋት የሴት አያቴን ዶሮ ያዩ ይመስልዎታል። አውራው ወሰራ አባቱን፣ የነፊሳን ዶሮ መስሏል፤ እንግዲህ ከእነ ሙሀመድአወል ጋር ተዛምደናልና ሳያበሉ እንዳይሸኙት። ፈንግል የነበረበትን አሮጌ ቆጥ አቃጥለው አዲስ ይሥሩላቸው፤ ቤቱንም በእበትና በአመድ ያስለቅልቁት። ትናንት ቅርጫቱን ስናሰናዳ ነፊሳ «ያኔ ስቀሽብኛል አልሽ እንጂ አልዋሸሁም፤ ይኸው ጣናን ሊሻገሩ ነው» አለችኝና ሁለታችንም ስቀን ስናበቃ አለቀስን።

ገብስማዋን ግን አልሰደድኋትም። እሷም እንደኔ ተድራ የመጣች ናት፤ ጭራዋ ይብቀል እንጂ እዚሁ ከእኔ ጋር ታረጃለች።

እኅቴን ጽጌን ሳሙልኝ፤ ቄቦቹን እሷ ትጠብቅልኝ። ቢያዝን ፊደሌን ሳትነቅፍ ስላነበብህ ተባረክ። ሣህሉ ጉልበት ስሞ ሰላም ይላችኋል፤ ነፊሳም ሳታውቃችሁ ሰላም ብላለች። ለአባባ ለአቶ ገብረ መስቀል፣ ጉልበታቸውን ስሜ፣ ይህን ንገሩልኝ፦ ከእንግዲህ ሰማይ እያዩ መነሣት ቀርቶላቸዋል። ነገ ገና ሳይነጋ አንድ የሚጮኽ ይሰማሉ፤ እኔ ነኝ፣ ለቅዳሴ እየቀሰቀስኋቸው ነው።

ልጅዎ የሺአረግ
ባሕር ዳር፣ ግንቦት 8 ቀን 1975 ዓ.ም.