የአባባ ኬላ እንደተዘጋ ነው

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለቦግዳን፣

ለመሆኑ እንዴት ሰንብተሃል? ባለቤትህ ኢሬናስ እንዴት ናት? ትንሹ ቲሞን ጥርስ አወጣ ወይስ አሁንም ሌሊቱን እያስነሳችሁ ነው? ወገብህንስ ተሻለህ? በዚያ በኖርዌይ ብርድ ቀኑን ሙሉ የዓሣ ሣጥን ሲያነሱ መዋል ለወገብ እንደማይበጅ ነግሬህ ነበር፤ መች ትሰማለህ! እኛ ሁላችንም በሕይወት አለን፣ ለዚህም አምላክ ይመስገን። እኔ ግን ደክሞኛል። ይህን አስቀድሜ የምጽፍልህ በኋላ ስታነብ «ምነው ቁጣ በዛባት» እንዳትለኝ ነው። በስልክ ያልነገርኩህ ደግሞ የአባባ ነገር በተነሳ ቁጥር አንተም ስለምትጮህ፣ እኔም ስለምጮህ ነው። በመጨረሻ የሚያለቅሰው ማን እንደሆነ ታውቃለህ። በወረቀት ግን ንግግሬን ልታቋርጠኝ አትችልም።

ቅጠሉ መርገፍ ሳይጀምር አባባ ውሃ ሲቀዱ ጉድጓዱ አጠገብ እንደወደቁ ነግሬሃለሁ። ያልነገርኩህ እስከ እኩለ ቀን እዚያው ተጋድመው መቆየታቸውን ነው። ያገኛቸው አንድ ብስክሌተኛ ነው፤ ከእነዚያ ቀጭን ጎማና ጠባብ ልብስ ካላቸው አንዱ። «አምቡላንስ ልጥራ?» ቢላቸው «እዚህ ጫካ መኪና ካስገባህ በዱላዬ ነው የምቀበልህ» አሉት። ተጋድመው እኮ ነው! ሰውየው ግራ ቢገባው ቁጥሬን ከእሳቸው ተቀብሎ ደወለልኝ፤ እኔም በብስክሌት በረርኩ። ዳሌያቸው አልተሰበረም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ከአልጋ እስከ ምድጃ መድረስ ራሱ ሥራ ሆነባቸው። በረዶው ሳይጥል ከዚያ የጫካ ቤት ካላወጣኋቸው አንድ ቀን ደርቀው እንደማገኛቸው ገባኝ።

የጥብቅ ደኑ ኃላፊ መልካም ሴት ናት። የኬላውን ቁልፍ እጄ ላይ አድርጋ «በመኪና ግቢ፣ አሳፍሪያቸው፣ ውጪ፤ ማንም አይጠይቅሽም» አለችኝ። አንተም በስልክ «አንድ እንጨት ማንሳት አቃተሽ?» ብለህ ጮህክብኝ። ቦግዳን፣ ያ እንጨት ምን እንደሆነ አንተ ልትረሳው ባልተገባህ ነበር። ግንድ የሚጭኑት መኪኖች ቀርተው አስፋልቱ ብቻ ጫካው ውስጥ ሲቀር፣ የከተማው ሰው እሁድ እሁድ በመኪና እየመጣ ሲከንፍበት፣ ያችን እርጉዝ አጋዘን ገጭተው ጥለዋት ሲሄዱ፣ አባባ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተው ያስተከሉት ኬላ ነው። ቀዩን ቀለም አንተ ቀባህ፣ ነጩን እኔ። በጎኑ ያለውን ማለፊያ የለኩት በእማማ ብስክሌት መሪ ነው፣ ነፍሷን ይማርና፤ ብስክሌት ያልፋል፣ ከዚያ የሰፋ ነገር አያልፍም። ዛሬ ያ ሁሉ ብስክሌተኛ ከየከተማው የሚጎርፈው በዚያ ኬላ ምክንያት ነው። ደወል መደወል ክልክል መሆኑንም ሁሉም ያውቃል። አጋዘኖቹ እንዳይደነግጡ፣ መቅደም የፈለገ ሰው ዝግ ባለ ድምፅ «ከኋላ ነኝ» ብሎ ነው የሚያልፈው። የረሳ ካለ አባባ ከደጃቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው ያስታውሱታል፤ እንዴት አድርገው እንደሚያስታውሱ መቼም አልነግርህም።

ስለ መኪናው አንድ ጊዜ ብቻ አነሳሁባቸው። «ዛሬ ለእኔ አንድ መኪና ከገባ ነገ ለሌላው ሽማግሌ ሁለት ይገባል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ለሹም ልጅ ሠርግ! እኔ በመኪና የምወጣው በሬሳ ሣጥን ሆኜ ነው፤ ያኔም ብትሸከሙኝ ይሻለኛል» አሉኝ።  ቁልፉን ሳላሳያቸው ካፖርቴ ኪስ ውስጥ እንዳለ ተውኩት።

ከዚያ በኋላ የእኔ ኑሮ ይህ ሆነ። ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ስወጣ የቀይ ሥር ሾርባውን በምሳ ዕቃ አድርጌ መሪው ላይ አንጠለጥልና ጫካውን አቋርጣለሁ። እንጨት እፈልጣለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ፣ አባባን አጣጥባለሁ፣ ሲመሽ እመለሳለሁ። ባለቤቴ ዜኖን ልቡን ካመመው ወዲህ ፔዳል መምታት ተከልክሏል፤ መኪናውን ይዞ ኬላው ድረስ ያደርሰኛል፣ ከዚያ ወዲያ እኔው ነኝ። ሰው ለመዝናናት ከስንት አገር የሚመጣበት መንገድ ለእኔ የጉልበት ሥራ ሆነ። አንዳንዱ ሲያልፈኝ «ከኋላ ነኝ» ካለ በኋላ «እንዴት ያለ ውብ ቀን ነው!» ይጨምርልኛል። ሾርባውን አናቱ ላይ ልደፋበት ያምረኛል።

አንድ ቀን ዝናቡ አጥንቴ ድረስ ዘልቆኝ ደረስኩ። አባባ እንደምንም ከወንበራቸው ተነስተው ካፖርቴን ተቀበሉኝና ምድጃው አጠገብ ሰቀሉት። እንጨት ፈልጬ ስመለስ እሳት እሳቱን ያያሉ። ሾርባውንም ጠጡት፣ ምንም አላሉም። ዘወትር «ጨው የለውም» የሚሉ ሰውዬ! ታመው መስሎኝ ግንባራቸውን ነካሁ።

ያለፈው ቅዳሜ ስደርስ ግን ምድጃው ጠፍቷል፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ አባባ የደን ጠባቂነት ደንብ ልብሳቸውን ለብሰው ደጅ ተቀምጠዋል። «እንሂድ» አሉኝ። «በምን?» አልኳቸው። «እሱን አንቺ ፈልጊ፤ መኪና እንዳይሆን ብቻ» አሉ። ከኬላው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ብስክሌት የምታከራየው ብሮንያ ትዝ አለችኝና ተመልሼ ሄድኩ። ከፊቱ ሣጥን ያለው ባለ ሦስት እግር ብስክሌት አላት። «ባለፈው እሁድ የጫነው የአንድ ጀርመናዊ ውሻ ነው፤ አባትሽ ከውሻው አይከብዱም፣ በመናከሱ ግን ሳይበልጡት አይቀሩም» ብላ ሰጠችኝ።

ሣጥኑ ውስጥ ብርድ ልብስ አንጥፌ አስቀመጥኳቸው። ያ መንገድ ዳገት የለውም እንላለን፤ አባትህን ጭነህ ሞክረውና ትነግረኛለህ። ከኋላ የሚመጡት ሁሉ የደንብ ልብሱን ሲያዩ ፍጥነታቸውን እየቀነሱ «ከኋላ ነን፣ አባ ሴቬሪን» እያሉ አለፉ። አባባም እጃቸውን እያነሱ መለሱላቸው፤ አንዱን ብቻ «የብስክሌትህ ካቴና ይጮሃል፣ ዘይት ቀባው!» ብለው ተቆጡት።

ቂልነቴ የገባኝ ኬላው ጋ ስንደርስ ነው። ባለ ሦስት እግሩ በማለፊያው አይሾልክም! እሳቸው ራሳቸው የለኩት ማለፊያ፣ እሳቸውን የጫነውን አላሳልፍም አለ። እጄ ሳላዝዘው ኪሴ ገባ። ቁልፉን ጨበጥኩት። ዜኖን ከኬላው ማዶ ራቅ ብሎ መኪናው አጠገብ ቆሞ ያየኛል፣ አባባም ያዩኛል። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ እጄን ባዶውን አወጣሁት። ወዲያው አባባ ቅድም የተቆጡት ሰውዬና ጓደኛው ከኬላው ማዶ ተመልሰው ብስክሌታቸውን ሳሩ ላይ ጣሉ። አባባ በዱላቸው እየተደገፉ በማለፊያው በራሳቸው እግር አለፉ፤ እኛ ሦስታችን ብስክሌቱን መኪናው ድረስ እንዲያደርሳቸው ተሸክመን በኬላው እንጨት ላይ አሻገርነው።

አባባ ከማዶ ቆመው ጓጉንቸሩን ሳብ አድርገው አዩት፤ እንደተቆለፈ ነው። ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ «ኪስሽ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ሰኞ መልሽላቸው» አሉኝ። ክው አልኩ። ለካ በዚያ በዝናቡ ቀን ካፖርቴን ሲሰቅሉ ወድቆ አግኝተውት መልሰው ከተውታል። «ቁልፉ እያለሽ በዚያ ዝናብ በብስክሌት ስትመጪ አየሁ። እኔ ግትር ብል አንቺ ነሽ የምትሞቺው። የወጣሁት ለዚህ ነው» አሉ። ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ደግሞ «ሾርባሽ ግን ጨው የለውም» አሉኝ። መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሃለሁ።

አሁን እኛ ቤት፣ በልጄ በኒና ክፍል መስኮት አጠገብ ነው የሚውሉት። በታች የሚያልፈው መኪና ጥሩምባ በነፋ ቁጥር ይባንናሉ። የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በረዶው ሲቀልጥ እሁድ እሁድ ወደ ጫካው አግዳሚ ወንበራቸው የሚወስዳቸው ማን እንደሆነ። ቦግዳን፣ እኔ ከዚህ በላይ አልችልም። እግሬም ወገቤም አልቋል። ስለዚህ «ቦግዳን ይመጣል» አልኳቸው፤ አንተን ሳልጠይቅ። እሳቸውም «እንግዲያው የባለ ሦስት እግሩን ጎማ ንፉለት» አሉ።

ኢሬናን በጣም ሰላም በልልኝ፤ የላከችው የሱፍ ካልሲ አባባ እግር ላይ ነው። ቲሞንን ሁለቱንም ጉንጮቹን ሳምልኝ። ዜኖን ሰላም ይልሃል። ኒናም ሰላም ትልሃለች፤ ክፍሏን ለአያቷ ስለለቀቀች ካንተ ስጦታ ትጠብቃለች። ብሮንያ ባለ ሦስት እግሩን ለማንም ሳላከራይ አቆየዋለሁ ብላለች። አባባ «ሰላምታዬን ከአፌ ይስማ እንጂ በወረቀት አልልክም» ብለዋል። ቁልፉን ሰኞ ዕለት መልሻለሁ፤ ስትመጣ መኪናህን እኔ ደጅ ታቆማለህ።

እህትህ ቴክላ
ሊፖቮ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2019